ድርሻና ድምፅ፦ የኦሴጅ ሕዝብ የራስ አስተዳደር አማራጮች በንጽጽር

አንድ ሕዝብ ራሱን በራሱ ለማስተዳደር ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በቅርጽ ላይ ያተኩራል፤ ምክር ቤቱ ስንት መቀመጫ ይኑረው፣ መሪው በሕዝብ ይመረጥ ወይስ በምክር ቤቱ ይሰየም፣ ዳኞች ተጠሪነታቸው ለማን ይሁን የሚሉት ጥያቄዎች ቀድመው ይነሣሉ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑትና መቀመጫቸውን በኦክላሆማ ግዛት ያደረጉት ኦሴጆች ያለፉበት ታሪክ ግን ከእነዚህ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች እንዳሉ ያሳያል። የመጀመሪያው አባል የሚባለው ማን ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥርዓቱን የማቆምና የማፍረስ ሥልጣን በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ኦሴጆች ከ1881 ወዲህ አራት የተለያዩ የአስተዳደር ሥርዓቶችን አይተዋል። አንዱን ራሳቸው አቁመውት የፌዴራሉ መንግሥት አፈረሰባቸው፤ አንዱ በሕግ ተጫነባቸው፤ አንዱ በፍርድ ቤት ተወልዶ በፍርድ ቤት ሞተ፤ አራተኛው ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የራስ አስተዳደርን ጉዳይ ለሚያጠኑ፣ መተዳደሪያ ደንብ ወይም ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ ለተሰየሙ፣ እንዲሁም የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስለሄዱበት መንገድ ለሚጠይቁ አንባብያን ነው። አማራጮቹን የማነጻጽረው በወረቀት ላይ ባላቸው ውበት ሳይሆን በተግባር ለማን ድምፅ እንደ ሰጡና ማንን ከደጅ እንዳስቀሩ በማየት ነው። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ከጽሑፍ ሕግ በፊት የነበረው

ኦሴጆች ዛሬ ሚዙሪ፣ አርካንሳስ፣ ካንሳስና ኦክላሆማ በሚባሉት ግዛቶች ሰፊ አገር የነበራቸው ሕዝብ ናቸው። ከ1808 ጀምሮ በተከታታይ በተፈረሙ ውሎች አብዛኛውን መሬታቸውን ካጡ በኋላ፣ በካንሳስ የቀራቸው መሬት በተሸጠበት ገንዘብ በ1872 አንድ ሚሊዮን ተኩል ኤከር የሚጠጋ መሬት ቼሮኪ ከሚባሉት ሌሎች ነባር ሕዝቦች ገዝተው ወደ ዛሬው ኦሴጅ አውራጃ ገቡ። መሬቱን በገንዘባቸው የገዙ መሆናቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ ኋላ በሚመጣው ድርድር ሁሉ የመከራከሪያቸው መሠረት ይህ ነበርና።

የጥንቱ አስተዳደራቸው በ24 ጎሳዎች ላይ የቆመ ሲሆን፣ እነዚህ ጎሳዎች ሰማይን በሚወክለው በጺዦና ምድርን በሚወክለው በሁንካ ለሁለት ይከፈሉ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አለቃ ነበረው፤ ሕግና ሥርዓትን የሚጠብቁት ግን «ትንንሾቹ ሽማግሌዎች» የሚባሉት ሊቃውንት ነበሩ። ሥልጣን ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ እንዳይሆን መደረጉን ልብ ይሏል። የሥልጣን ክፍፍል ከአውሮፓ ፈላስፎች የተገኘ ትምህርት ብቻ አድርገን የምናስብ ሁሉ ይህን ማወቅ ይገባናል።

ወደዚህ ዓይነቱ ሥርዓት መመለስ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በሰንሰለቱ መቆየት ላይ የተመሠረተ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት የሚኖሩት ኦኖንዳጋዎች ዛሬም አለቆቻቸውን የሚሰይሙትና የሚሽሩት በጎሳ እናቶች አማካይነት ሲሆን፣ ይህ የሆነው ሥርዓቱ ሳይቋረጥ ስለ ተላለፈ ነው። የሊቃውንቱ ሰንሰለት በበሽታ፣ በስደትና በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ለተበጠሰበት ሕዝብ ግን የጥንቱን መንግሥት እንዳለ መልሶ ማቆም አስቸጋሪ ነው፤ መንፈሱን በአዲስ ተቋም ውስጥ ማኖር ግን ይቻላል።

የ1881 ሕገ መንግሥት፦ በራስ ፈቃድ የቆመ፣ ጥበቃ ያልነበረው

ኦሴጆች በ1881 የቼሮኪዎችን አርአያ ተከትለው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት አወጡ። ዋና አለቃና ምክትሉ፣ ከአምስት ወረዳዎች ሦስት ሦስት ሆነው የሚመረጡ 15 የብሔራዊ ምክር ቤት አባላት፣ እንዲሁም ፍርድ ቤት ነበራቸው። በጉባኤው ጉልህ ሚና ከነበራቸው አንዱ ጄምስ ቢግኸርት ነበር።

ይህ መንግሥት በይዘቱ የሚናቅ አልነበረም፤ ሕግ አውጪው፣ አስፈጻሚውና ዳኛው ተለይተው ነበር። ነገር ግን በ1900፣ መሬታችሁን በነፍስ ወከፍ ተከፋፈሉ የሚለው ግፊት በበረታበት ወቅት፣ የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ የሚይዘው የኢንቴሪየር መሥሪያ ቤት ምክር ቤቱን በአስተዳደር ትእዛዝ ሰረዘው። በራስ ፈቃድ የቆመ ሥርዓት የበላይ ነኝ የሚለው መንግሥት በሕግ ካልታሰረ በአንድ ባለሥልጣን ደብዳቤ ሊፈርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም።

የ1906 ሥርዓት፦ ሀብትን ያተረፈ፣ ዜግነትን ያጠበበ

ከአራቱ ይበልጥ ልናተኩርበት የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ ትልቅ ድልና ትልቅ ጉዳት አዝሎ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ በሰኔ 1906 ያወጣው ሕግ የመሬቱን ገጽ በመዝገብ ለሰፈሩት 2,229 ሰዎች አከፋፈለ፤ እያንዳንዳቸውም 657 ኤከር ያህል ደረሳቸው። ከመሬቱ በታች ያለው ነዳጅ፣ ጋዝና ሌላ ማዕድን ግን በኦሴጆች ብርቱ ድርድር ሳይከፋፈል የጋራ ሆኖ ቀረ፤ የአሜሪካ መንግሥትም በአደራ ያዘው። ከዚህ የሚገኘው ገቢ በ2,229 እኩል ድርሻ ተመድቦ በየሦስት ወሩ ለባለድርሻዎች ይከፈል ጀመር። ይህን ድርሻ ሄድራይት ይሉታል።

የድርድሩን ጥበብ መካድ አይቻልም። በዚያው ዘመን መሬታቸውን የተከፋፈሉ ሌሎች ሕዝቦች ላዩንም ታቹንም በአንድ ትውልድ ውስጥ ሲያጡ፣ ኦሴጆች የማዕድኑን ባለቤትነት እስከ ዛሬ ይዘዋል። በ1920ዎቹ የነዳጅ ገቢው ሲያሻቅብ በነፍስ ወከፍ በዓለም እጅግ ሀብታም ከሚባሉት ሕዝቦች መካከል ተቆጠሩ።

ጉዳቱ ያለው ድምፅና ድርሻ በአንድ ገመድ በመታሰራቸው ላይ ነው። ሕጉ ዋና አለቃ፣ ምክትልና ስምንት አባላት ያሉት ምክር ቤት አቋቋመ፤ የመምረጥ መብት ግን እየዋለ እያደረ የባለድርሻዎች ብቻ ሆነ፤ የድምፁም ክብደት በድርሻው መጠን ተወሰነ። ግማሽ ድርሻ የወረሰ ግማሽ ድምፅ አለው፤ አንድ ስምንተኛ የወረሰ አንድ ስምንተኛ። መዝገቡ በ1907 አጋማሽ ስለ ተዘጋ ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ወላጁ እስኪሞት ድረስ በሕዝቡ ጉዳይ ድምፅ አልነበረውም። ወላጆቹ በሕይወት ያሉ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ በሰኔው የኢንሎንሽካ ጭፈራ ላይ ከአያቶቹ ጋር የሚቆም የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ በመንግሥቱ ፊት ሰው አልነበረም። በሌላ በኩል ድርሻው በውርስና በጋብቻ ኦሴጅ ወዳልሆኑ ሰዎች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያናትና ወደ ሌሎች ድርጅቶችም ተሻገረ።

የሚወረስ ሀብት ከሰው ነፍስ ጋር ሲታሰር ምን እንደሚያስከትል የ1920ዎቹ ግድያዎች ምስክር ናቸው። የአካባቢው ፍርድ ቤቶች ለኦሴጆች ነጭ ሞግዚቶችን እየሾሙ ገንዘባቸውን በሌላ ሰው እጅ ሲያስገቡ፣ ሌሎች ደግሞ ድርሻ ለመውረስ ሲሉ ኦሴጆችን በጥይት፣ በመርዝና በፈንጂ ገደሉ። ከወንጀለኞቹ ዋነኛው ዊሊያም ሄል በ1929 ተፈርዶበታል። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1925 ግማሽና ከዚያ በላይ የኦሴጅ ደም ካለው ሰው ኦሴጅ ያልሆነ ሰው ድርሻ እንዳይወርስ ከለከለ፤ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ የመጣ ሕግ ነበር።

ይህን አማራጭ የሚመለከት አርቃቂ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይያዝ። የጋራ ሀብትን ሳይከፋፍሉ ማቆየት የሚመከር ነው። የጋራ ሀብቱን ድርሻ የመምረጫ ካርድ ማድረግ ግን ከአንድ ትውልድ በኋላ ሕዝቡን በባለመብትና በተመልካች ይከፍለዋል።

በአላስካ በ1971 የወጣው የነባር ሕዝቦች የካሣ ሕግ ተመሳሳይ ፈተና አምጥቷል። ሕጉ 44 ሚሊዮን ኤከር መሬትና 962.5 ሚሊዮን ዶላር ለነባር ሕዝቦች ኩባንያዎች ሲሰጥ፣ የአክሲዮን ባለቤት ያደረገው እስከ ታኅሣሥ 18 ቀን 1971 የተወለዱትን ብቻ ነበር። ኩባንያዎቹ በኋላ በተፈቀደላቸው ማሻሻያ መሠረት ባለአክሲዮኖችን አስመርጠው ለኋላ ልጆች አዲስ አክሲዮን መስጠት ይችላሉ፤ አርክቲክ ስሎፕና ናና የተባሉት ይህን አድርገዋል። የኦሴጅ ሄድራይት ግን ቁጥሩ በ2,229 የተዘጋ በመሆኑ በውርስ እየተሰነጣጠቀ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም። ከሁለቱ አንዱን የግድ ምረጥ ብባል በሩን ለመክፈት ሥልጣን የሚሰጠውን የአላስካውን እመርጣለሁ፤ እርሱም ቢሆን በሩን የሚከፍቱት ቀድመው የገቡት መሆናቸው ደካማ ጎኑ ነው።

የ1994 ሙከራ፦ ይዘቱ የተሻለ፣ ምንጩ የደከመ

ድምፅ የተነፈጉ ኦሴጆች በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ዳኛው ኮሚሽን እንዲቋቋም አደረገ፣ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፣ በ1994 ድርሻ የሌላቸውን ጭምር የሚያሳትፍ ሕገ መንግሥትና ብሔራዊ ምክር ቤት ቆመ። ብዙዎች ለመጀመሪያ ጊዜ መረጡ። በ1997 ግን የአሥረኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የኦሴጅን የአስተዳደር ቅርጽ የወሰነው የአሜሪካ ኮንግረስ በመሆኑ አንድ የፌዴራል ዳኛ ሊለውጠው አይችልም የሚል ነበር ፍርዱ። አዲሱ መንግሥት ተዘጋ፤ የ1906ቱ ምክር ቤት ወደ ቦታው ተመለሰ።

ብዙ ጊዜ በንጽጽር ጽሑፎች ውስጥ ይህ ምዕራፍ ይዘለላል። እኔ ግን ለመራጭ እጅግ ጠቃሚው ይህ ይመስለኛል። የ1994ቱ ሕገ መንግሥት ከ1906ቱ ሥርዓት ይልቅ ፍትሐዊ ነበር፤ የወደቀው በይዘቱ ሳይሆን በቆመበት መሠረት ነው። ፍርድ ቤት በደልን ማስቆም ይችላል፤ የአንድን ሕዝብ መንግሥት መውለድ ግን የፍርድ ቤት ሥራ አይደለም። በአቋራጭ የተገኘ መብት ሲነጠቅ ደግሞ ቀድሞ ካልተገኘው ይልቅ ያማል፤ መርጠው የነበሩ ሰዎች እንደ ገና መምረጥ ተከልክለዋልና።

የ2006 ሕገ መንግሥት፦ ቅደም ተከተሉ የተስተካከለ

ከዚህ ውድቀት በኋላ ኦሴጆች የወሰዱት እርምጃ ትዕግሥት የጠየቀ ነበር። በቅድሚያ ወደ አሜሪካ ኮንግረስ ሄዱ። በታኅሣሥ 2004 የወጣው ሕግ ኦሴጆች አባላቸውን የመወሰንና የመንግሥታቸውን ቅርጽ የመምረጥ ነባር ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። ሕጉ መብቱን እንደ አዲስ የሰጠ ሳይሆን ቀድሞም የነበረ መሆኑን ያረጋገጠ መሆኑ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ የተሰጠ ነገር ሊወሰድ ይችላል።

ቀጥሎ አሥር አባላት ያሉት የመንግሥት ማሻሻያ ኮሚሽን ተሰየመ። ኮሚሽኑ ረቂቁን አስቀድሞ ጽፎ አጽድቁልኝ አላለም፤ በየመንደሩና ኦሴጆች በብዛት በሰፈሩባቸው ሌሎች ቦታዎች ስብሰባ እየጠራ መሠረታዊ አማራጮቹን ለሕዝቡ በጥያቄ አቀረበ። ማን አባል ይሁን? በምክር ቤት ብቻ እንተዳደር ወይስ በሦስት የሥልጣን አካላት? የማዕድኑ ድርሻ ምን ይሁን? ጂም ግሬይ ዋና አለቃ በነበረበት በዚያ ወቅት፣ በመጋቢት 11 ቀን 2006 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ።

አባልነት በ1906ቱ መዝገብ ላይ ካለ ሰው በቀጥታ በመወለድ ይገኛል፤ የደም መጠን አይቆጠርም፣ ድርሻ መያዝም አይጠየቅም። የኦሴጆች የራሳቸው ሕግ አውጪ የሆነው ኮንግረስ 12 አባላት ያሉት ሲሆን የሚመረጡትም ከወረዳ ሳይሆን ከመላው ሕዝብ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዜጋ ከክልሉ ውጭ ለሚኖርበት ሕዝብ ይህ ተገቢ ምርጫ ነው፣ ምንም እንኳ ከፓውሃስካ፣ ከሆሚኒና ከግሬይ ሆርስ መንደሮች ጋር የተሳሰረ የቅርብ ተጠሪ የሚያሳጣ ቢሆንም። ዋና አለቃውና ምክትሉ በቀጥታ ይመረጣሉ፤ ፍርድ ቤቱም በሁለት እርከን ራሱን ችሎ ቆሟል። የኮንግረሱ ሁለት መደበኛ ጉባኤዎች ሁንካና ጺዦ ተብለው መሰየማቸው የጥንቱን ሁለትነት ወደ አዲሱ ቤት አስገብቶታል። በዚያው በ2006 ኦሴጆች ለቋንቋቸው የራሳቸውን ፊደል ቀርጸዋል፤ ፊደሉም በ2016 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። በራሱ ፊደል የሚጽፍ ሕዝብ ይህ ከመንግሥት ግንባታ ሥራ ተለይቶ እንደማይታይ ይረዳል።

የሕገ መንግሥቱ ዋና ብልሃት ግን ማዕድኑን በሚመለከተው አንቀጽ ላይ ነው። ባለድርሻዎች የሚመርጡት ስምንት አባላት ያሉት የማዕድን ምክር ቤት በመንግሥቱ ውስጥ ራሱን የቻለ አካል ሆኖ ቀጠለ፤ የኪራይ ውሎችን ያጸድቃል፣ ልማትን ያቅዳል። ውሉ የኦሴጅን ሕግ ይጥሳል የሚል ተቃውሞ ከዋናው አለቃ ጽሕፈት ቤት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልቀረበ በመንግሥቱ እንደ ጸደቀ ይቆጠራል፤ ክርክር ቢነሣ የኦሴጅ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይመለከተዋል። በዚህ መንገድ ባለድርሻ የሀብቱ ጌታ ሆኖ ይቀጥላል፤ የሕዝቡ ጌታ ግን አይሆንም። አሜሪካ የኦሴጅን የአደራ ሀብት በአግባቡ አላስተዳደረችም በሚለው ክስ በ2011 በስምምነት የተከፈለው 380 ሚሊዮን ዶላር የሄደውም ለባለድርሻዎች ነበር።

ማዕድኑ ራሱን የቻለ ጠባቂ እንዲኖረው ማድረጉ ለባለድርሻዎች የተደረገ ስጦታ ብቻ እንዳልሆነ የንፋስ ኃይል ማመንጫው ጉዳይ አሳይቷል። ያለ ማዕድን ፈቃድ ድንጋይ ቆፍሮና ፈጭቶ ተርባይን ባቆመው ኩባንያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት በ2014 ክስ መሥርቶ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሲሸነፍ ይግባኙን ተወው፤ የማዕድን ምክር ቤቱ ግን ብቻውን ይግባኝ ጠይቆ በ2017 ረታ። በታኅሣሥ 2023 ተርባይኖቹ እንዲነሡ ተፈረደ።

ድክመቶቹን ሳልጠቅስ ባልፍ አንባቢን አሳስታለሁ። በኮንግረሱና በማዕድን ምክር ቤቱ መካከል የሥልጣን ወሰን ክርክር አልጠፋም፤ የ2006ቱን መንግሥት ድርሻቸውን የሚያሰጋ አድርገው የሚያዩ ባለድርሻዎችም አሉ። የመንግሥቱ አገልግሎት በአብዛኛው በካዚኖ ገቢ ላይ የቆመ መሆኑ ደግሞ የማያስተማምን መሠረት ነው። በ2014 ኮንግረሱ በሥልጣን ላይ የነበረውን ዋና አለቃ በክስ ሂደት ከሥልጣን አንሥቷል። አንዳንዶች ይህን የመንግሥቱ ድካም ምልክት አድርገው ቆጥረውታል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው፤ ሂደቱ በራሳቸው ሕግ ተጀምሮ በራሳቸው ሕግ ተፈጸመ፣ ከዋሽንግተን ማንም አልመጣም፣ በዚያው ዓመትም ሕዝቡ ጄፍሪ ስታንዲንግ ቤርን መረጠ።

ከሌሎች ሁለት መንገዶች ጋር

በ1934 በወጣው የሕንዳውያን ዳግም አደረጃጀት ሕግ መሠረት ብዙ ነባር ሕዝቦች እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ሕገ መንግሥታትን ተቀብለዋል። በእነዚህ ውስጥ አንድ ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ ያስፈጽማል፣ ብዙ ጊዜም ዳኛ ይሾማል፤ ማሻሻያም የኢንቴሪየር መሥሪያ ቤቱን ይሁንታ ይሻል። አነስተኛ ቁጥር ላለው ሕዝብ ወጪው ዝቅተኛ በመሆኑ ሊያዋጣ ይችላል፤ ምርጫ በተካሄደ ቁጥር ሁሉም ሠራተኛ የሚለወጥበትና ዳኛው ምክር ቤቱን የሚፈራበት ሆኖ ሲገኝ ግን ባለሀብትም ዜጋም ይሸሻል። ሕጉን ወደ ኦክላሆማ ያስፋፋው የ1936 አዋጅ ኦሴጅ አውራጃን ለይቶ አስቀርቷል፤ ኦሴጆች ይህን መንገድ መምረጥ ይችሉ ነበር የሚለው አስተያየት ስለዚህ ልክ አይደለም።

ናቫሆ የሚባሉት ሌላው ነባር ሕዝብ ደግሞ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የላቸውም። ከአንድ የሥልጣን ቀውስ በኋላ በ1989 በሕግ ማሻሻያ ፕሬዚዳንቱን ከምክር ቤቱ ለዩ፤ በ2009 በሕዝብ ድምፅ የምክር ቤታቸውን አባላት ከ88 ወደ 24 አወረዱ። ሕገ መንግሥት ከሌለ መንግሥት የለም ለሚል አርቃቂ ይህ ጥሩ መልስ ነው። ነገር ግን ናቫሆዎች ሰፊ መሬትና ያልተቋረጠ የሕዝብ አሰፋፈር አላቸው፤ ዜጋው ለተበተነ፣ መንግሥቱ ሁለት ጊዜ ለፈረሰበት ሕዝብ የተጻፈና በሕዝብ የጸደቀ ቃል የበለጠ ዋስትና ነው።

ለመምረጥ የሚረዳ ቅደም ተከተል

መምረጫው ሕዝቡ ያለበት ሁኔታ ነው። የሊቃውንቱ ሥርዓት ሳይቋረጥ የቆየለት ሕዝብ የውጭ ቅርጽ መዋስ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ዕውቅናና ከሌላ መንግሥት ጋር የሚዋዋልበት ጽሕፈት ቤት ነው። የጋራ ሀብት ያለው ሕዝብ ሀብቱን የሚያስተዳድረውን አካልና ዜጋን የሚያስተዳድረውን አካል በመጀመሪያው ቀን ይለይ፤ ሀብቱ ከጨመረ በኋላ መለየት በብዙ እጥፍ ይከብዳል። ኦሴጆች ይህን ለመለየት አንድ መቶ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ዜጋው የተበተነበት ሕዝብ የፖስታ ድምፅንና ከመላው ሕዝብ የሚደረግ ምርጫን ያስብ፤ በመንደሩ የቀሩት ግን የሥርዓቱ ጠባቂዎች ስለሆኑ ድምፃቸው እንዳይዋጥ የተለየ መድረክ ይሰጣቸው። የደም መጠንን የአባልነት መለኪያ ለማድረግ የሚያስብ ደግሞ የልጅ ልጆቹን ቁጥር አስቀድሞ ያስላ፤ መጠኑ በየጋብቻው ስለሚወርድ ሕዝቡ በሕይወት እያለ መዝገቡ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ከቅርጽ ሁሉ ውጭ የሚቀር አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም መሬት ነው። በ2010 የአሥረኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት የ1906ቱ ሕግ የኦሴጅን ክልል፣ ማለትም ለሕዝቡ ተለይቶ የተከለለውን ግዛት፣ አፍርሶታል ብሎ ፈረደ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም። በመሆኑም ጥሩ ሕገ መንግሥት ያለው መንግሥት ሕጉ የሚሠራበት አፈር ጠቦ ተገኘ። ኦሴጆች ለዚህ የሰጡት መልስ አያቶቻቸው በ1872 የሰጡት ነው፦ በ2016 በ74 ሚሊዮን ዶላር 43,000 ኤከር ያህል የሚሆነውን ብሉስተም እርሻ ከአሜሪካዊው ባለሀብት ከቴድ ተርነር ገዙ። እንግዲህ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ኮሚቴ የመሬት መግዣ በጀትን የአንቀጾቹን ያህል ቢወያይበት እመክራለሁ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ የተገዛው መሬት በማን ስም እንደሚመዘገብና ማን ሊሸጠው እንደማይችል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተለይቶ ይጻፍ።